ረጅም ሊስት ላይ «ሁሉንም ምረጥ»፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ድሬ ውስጥ ለሱቅና ለመጋዘን ፕሮግራም የምትሠሩ ልጆች ሰሞኑን ስለ ሊስትቪው (ዕቃዎችን በመስመር በመስመር ስለሚዘረዝረው የፕሮግራም ክፍል) ጥያቄ አብዝታችኋል። የማወራው ስለ ሲ ሻርፕ ቋንቋና ስለ ዊንዶውስ ፎርምስ፣ ማለትም ስለ ዊንዶውስ መስኮት መሥሪያው ነው።

ከከዚራ፦ አቦ፣ ታይዋን ገበያ ላለ ጅምላ ሻጭ 30,000 ዕቃ የያዘ ሊስት ሠራሁለት። «ሁሉንም ምረጥ» ሲል ፕሮግራሙ ድርቅ ይላል። በሉፕ፣ አንድ በአንድ እየዞርኩ ነው የምመርጠው፤ እንዲፈጥን ብዬ ቢጊንአፕዴት የሚለውን ትእዛዝም አስገብቻለሁ። ከታች የተመረጡትን ዋጋ ደምሬ አሳያለሁ።

ወንድሜ፣ ቢጊንአፕዴት የሚያስቆመው ስክሪኑ ላይ መሳሉን ብቻ ነው። ምርጫው በተለወጠ ቁጥር ኮድህን የሚጠራው ኢቨንት አይቆምም። አንድ ዕቃ በተመረጠ ቁጥር ድምርህ ከመጀመሪያው ይሠራል፦ መጀመሪያ 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 3 እያለ እስከ 30,000። ሲጠራቀም ወደ 450 ሚሊዮን መደመር ነው። የትኛውም ኮምፒውተር ይንገዳገዳል።

ሉፑን ተወው። ከዊንዶውስ የራሱ ላይብረሪ ከዩዘር 32 ሴንድሜሴጅ የሚባለውን መልእክት መላኪያ አምጣና ለሊስቱ «ሴት አይተም ስቴት» የሚለውን መልእክት፣ ቁጥሩ 4139 ነው፣ አንዴ ላክለት። የዕቃው ቁጥር በሚገባበት ቦታ -1 ስጠው፤ «ሁሉም» ማለት ነው። ስቴቱም (የዕቃው ሁኔታ) ስቴት ማስኩም (የትኛው ሁኔታ እንደሚቀየር የሚናገረው) 2 ይሁኑ፤ 2 «ተመርጧል» ማለት ነው። ምርጫውን ለማንሳት ስቴቱን 0 አድርግ፣ ማስኩን ግን 2 ላይ ተወው። ብዙ ሰው ማስኩንም 0 ያደርግና ምንም አልሠራ ይለዋል።

ከሳቢያን፦ እኔም እንዲሁ አደረግኩ። ተመረጡ፣ ግን ኢቨንቱ አሁንም ይጎርፋል።

ልክ ነሽ እህቴ፤ በተራው ሊስት ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ መምጣቱ አይቀርም። መልእክቱን ከመላክሽ በፊት አንድ ቡልያን (ትሩ ወይም ፎልስ ብቻ የሚይዝ ምልክት) ትሩ አድርጊ። ኢቨንቱ ውስጥ መጀመሪያ እሱን እያየሽ፣ ትሩ ከሆነ ምንም ሳትሠሪ ተመለሺ። ሲያልቅ ፎልስ አድርጊና ድምሩን አንዴ ብቻ ሥሪ። ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፤ ያለሱ መልእክቱ ብቻውን አያድንሽም።

ከሐረር፦ የኔ 200 ሺህ መስመር ነው። ገና ሲከፈት ያንቀራፍፋል።

ያንተ ችግር ከምርጫው በፊት ነው። ቨርቹዋል ሞድ አብራ፤ ሊስቱ የሚታየውን መስመር ብቻ እየጠየቀህ ይስላል። የ-1 መልእክት እዚያም ይሠራል። ግን ሰሌክትድ አይተምስን (የተመረጡትን ዕቃዎች የሚሰጠውን) አትንካ፣ ስህተት ይወረውርብሃል። ሰሌክትድ ኢንዳይሰስን (የተመረጡትን ተራ ቁጥር የሚሰጠውን) ተጠቀም።

ሌላ ጠያቂ፦ ቀለል ያለው ዝርዝር፣ ሊስትቦክስስ?

መልእክቱ ሌላ ነው፦ 389። በአንዱ መልእክት ውስጥ በመጀመሪያው ቦታ 1 (ምረጥ)፣ በሁለተኛው -1 (ሁሉንም) ስጠው። ዳታግሪድቪው (እንደ ሠንጠረዥ የሚያሳየው) ከሆነ ደግሞ የራሱ ሰሌክት ኦል አለው፤ በከንቱ አትልፉ።

ሌላ ጠያቂ፦ በሊስትቪው ላይ መርጬ በተኑን ስጫን የተመረጡት ቀለማቸው ይጠፋል።

የሊስቱን ሃይድ ሰሌክሽን ፎልስ አድርገው።

ሌላ ጠያቂ፦ ሁሉንም መርጬ ወደ ኤክሴል ለማውጣት የቱ ይፈጥናል?

መምረጡን ተወው! ዳታው እኮ እጅህ ላይ ነው። ሁሉም የሚወጣ ከሆነ በቀጥታ ከዳታው አውጣ። ምርጫ የሚያስፈልገው ደንበኛው ሁሉን መርጦ ጥቂቱን የሚቀንስ ሲሆን ነው።