የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለሒሳብ ሰዎች ሐሳብ የሚመጣላቸው ከየት ነው?

ለዚህ ዕትም ስለ ሒሳብና ፈጠራ ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። ሁሉም ከመሀል ከተማ የመጡ ናቸው፤ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳና ከካዛንቺስ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነኝ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አንድ የማረጋገጫ ጥያቄ ላይ ሦስት አራት ሰዓት እቀመጣለሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ተስፋ ቆርጬ ወጥቼ የሜክሲኮ ታክሲ ስሳፈር መንገዱ ወለል ብሎ ይታየኛል። ታዲያ ያ ሁሉ ሰዓት ከንቱ ነበር? ከመጀመሪያው ታክሲ ውስጥ ብቀመጥስ? (እህታችሁ)

መልስ፦ ከመጀመሪያው ታክሲ ውስጥ ብትቀመጪ የምትደርሺው ሜክሲኮ ነው፤ ሌላ የትም አይደለም። ታክሲው ውስጥ የሚሠሩልሽ እነዚያ አራት ሰዓታት ናቸው።

ይህን ከራሱ ሥራ ተነስቶ በዝርዝር የተናገረው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖንካሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ፓሪስ ውስጥ ባደረገው ንግግር እንደተረከው፣ አንድ ዓይነት ፈንክሽን ሊኖር አይችልም ብሎ ይህንኑ ለማረጋገጥ 15 ቀን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ታገለ። አንድ ማታ ያለልማዱ ጥቁር ቡና ጠጥቶ እንቅልፍ አጣ፤ ሲነጋ የለም ያለው ነገር መኖሩን አውቆ ነበር። ከዚያ ሥራውን ትቶ ከካን ከተማ ለጂኦሎጂ ጉዞ ወጣ። ኩታንስ ላይ የሕዝብ ሠረገላ ሊሳፈር እግሩን መርገጫው ላይ ሲያሳርፍ፣ ፈንክሽኖቹን የሠራበት ስልትና ከኢዩክሊድ ውጭ ያለው (በትምህርት ቤት ከምናውቀው የተለየው) ጂኦሜትሪ ስልት አንድ መሆናቸው ብልጭ አለለት። የጀመረውን ወሬ አላቋረጠም። ካን ሲመለስ ተረጋግቶ አጣራው።

ሰው ከዚህ ታሪክ መርገጫዋን ብቻ ይዞ ይሄዳል። አንቺ ግን 15ቱን ቀንና የመጨረሻውን ማጣራት ያዢ። እንግሊዛዊው ግራሃም ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1926 ሂደቱን በአራት ከፍሎታል፦ ዝግጅት፣ ማብሰል፣ አብርሆት፣ ማጣራት። (ሦስተኛው የምትቀመጪበት ቤት ስም ነው፤ ግን እዚያው ወንበር ላይ የመምጣት ግዴታ የለበትም።) ያልተጣደ ነገር አይበስልም። ጥያቄውን አሥር ደቂቃ አይቶ የሚወጣ ተማሪ ታክሲው ውስጥ የሚያስበው ስለ ሒሳቡ መልስ ነው፤ ረዳቱ ስለሚመልስለት ማለታችን ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚጠፋው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን መንገድ አራት ጊዜ ከመድገም የሚመጣ ነው። አንድ መንገድ 40 ደቂቃ ያህል ሞክረሽው ካልሄደ የተሰበረበትን መስመር ፈልጊና ለይተሽ ጻፊው። ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ይስፈር፦ የተጠየቀው ምንድን ነው (በራስሽ ቃል)፣ የሞከርሽው ምን ላይ ቆመ፣ ምን ቢገኝ ኖሮ ይበቃሽ ነበር። ሦስተኛውን መጻፍ ከሁሉም ይከብዳል፤ ጭንቅላትሽ ታክሲ ውስጥ የሚፈልገው ግን እሱን ነው።

የተሰበረበትን ቦታ ማወቅ ምን እንደሚጠቅም ከአየርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ዊልያም ሮዋን ሃሚልተን ሥራ ይታያል። ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ሁለት ክፍል አላቸው፤ አንዱ ተራ ቁጥር፣ ሌላው ስኩዌሩ −1 የሆነ አሃድ ብዜት ነው፤ እሱ ሦስት ክፍል ያላቸውን ለመሥራት ለዓመታት ደከመ። መደመሩ ይሄድለታል፣ ማባዛቱ ይፈርስበታል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ስኩዌራቸው −1 የሆነ ሁለት አሃዶች ሀ እና ለ ይኑሩን። ሀ×ለ ከተራ ቁጥር፣ ከሀ እና ከለ ብቻ የተሠራ ነው እንበል፤ በውስጡ ያለውን ለ የሚያባዛው ተራ ቁጥር መ ይሁን። ሁለቱንም ወገን እንደገና በሀ ስናባዛ በግራ −ለ ይወጣል፤ በቀኝ ለ የሚባዛው በመ×መ ነው። ስለዚህ መ×መ = −1 መሆን አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ተራ ቁጥር ደግሞ የለም። ሀ×ለ የግድ ሌላ ማረፊያ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1843 ደብሊን ውስጥ ከባለቤቱ ጋር በቦይ ዳር ሲሄድ ያ ማረፊያ አራተኛ ክፍል መሆኑ ታየውና ቀመሩን እዚያው ባለ ድልድይ ድንጋይ ላይ በቢላዋ ቀረጸው። ዋጋም ከፍሎበታል፤ በአዲሶቹ ቁጥሮች ሀ×ለ እና ለ×ሀ እኩል አይደሉም፤ አንዱ የሌላው ኔጌቲቭ ነው።

ጥያቄ፦ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው የማገለግለው። ባሕረ ሐሳብ በቃሌ ተምሬአለሁ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑ እናውቃለን። አንድ ጓደኛዬ «ይህ ስሌት እንጂ ፈጠራ አይደለም» ይላል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ጓደኛዎ በግማሽ ልክ ነው። ማስላቱ ስሌት ነው፤ ከስሌቱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን የፈጠራ ሥራ ነው። ለሌሎች አንባቢዎች የባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ዕለት የሚወጣበትን የዘመን አቆጣጠር፣ ስሌት እናስታውስ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ ድምሩ በ19 ሲገደፍ (ሲካፈል) የሚተርፈው መደብ ይባላል። ከመደቡ አንድ ለዘመን ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ (የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚተርፍበት የቀን ብዛት)፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል። ለ2018፦ 7518 በ19 ሲገደፍ 13፣ ወንበር 12። 12×11=132፣ አበቅቴ 12። 12×19=228፣ መጥቅዕ 18። ድምራቸው 30።

የሒሳብ ሰው እዚህ አይቆምም፤ «ለምን 30?» ይላል። መልሱ አባዦቹ ውስጥ ተቀምጧል፤ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ብዜቶች ሳይገደፉ ሲደመሩ ወንበር ጊዜ 30 ይሆናሉ፤ ተገድፈው የሚተርፉት ሲደመሩም 30 ይሆናሉ፣ ወይም ዜሮ። «ወይም ዜሮ» የሚለው አያምልጥዎ። ወንበር ዜሮ ሲሆን፣ ለምሳሌ በ2006፣ ሁለቱም ዜሮ በወጡ ነበር፤ ሥርዓቱ ግን አበቅቴን አልቦ፣ መጥቅዕን 30 ብሎ ሕጉን ጠብቆታል። ሕግ የሚፈተነው በዳርቻው ነው፤ ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሄደውም ወደ ዜሮው ነው።

ቀጥሎ ማንም ያልጠየቀውን መጠየቅ ነው። በ19ኙ ዓመት ውስጥ አንድ አበቅቴ ይደገማል? በተርታ ይጻፏቸው፦ 0፣ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25፣ 6፣ 17፣ 28፣ 9፣ 20፣ 1፣ 12፣ 23፣ 4፣ 15፣ 26፣ 7፣ 18። አይደገምም። ዕድል ነው ወይስ ግዴታ? ይህን የሚለየው አንድ ዘዴ አለ፤ ቁጥሩን ለውጦ ማየት። በ11 ፈንታ 12 ያድርጉት፦ 0፣ 12፣ 24፣ 6፣ 18፣ 0። በአምስት ዓመት ተመልሶ መጣ። 12 እና 30 በ6 ይካፈላሉ፤ 11 እና 30 ግን ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ሁለት ወንበሮች አንድ አበቅቴ ቢሰጡ የልዩነታቸው 11 እጥፍ በ30 መካፈል አለበት፤ ስለዚህ ልዩነታቸው ራሱ በ30 ይካፈላል። ወንበር ግን ከ18 አያልፍም። ማረጋገጫው አለቀ።

አሁን የመጨረሻዋን 18 ይዩ። 11 ሲደመርባት 29 ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት አበቅቴ ግን 0 ነው። አንድ ቀን ተዘሏል። 19×11=209 ነው፣ 7×30 ደግሞ 210፤ የዑደቱ በር የሚዘጋው በዚያች አንድ ቀን ነው። ሰባቱ ሠላሳዎች ተጨማሪ የጨረቃ ወራት ናቸው፤ 19 ዓመት በየዓመቱ 12 ወር ተይዞ 228፣ ከሰባቱ ጋር 235 የጨረቃ ወር ይሆናል። ለጓደኛዎ ይህችን ዝላይ ያሳዩትና ስሌት ብቻ መሆኗን ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ክብ ሥሎ ጠርዙ ላይ ነጥብ እያደረገ፣ ነጥቦቹን ሁሉ በመስመር እያገናኘ «የክፍሎቹ ቁጥር በእጥፍ ነው የሚሄደው» ይለኛል። ልክ ነው ልበለው? (እናት፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ልክ ነው አይበሉት፤ ተሳስተሃልም አይበሉት። «ስድስት ነጥብ ላይ ሞክረሃል?» ብለው ብቻ ይተዉት።

ድፎ ዳቦ ነው ብለው ያስቡት። ጠርዙ ላይ 2 ነጥብ ካለ አንድ የቢላ ቁርጥ 2 ክፍል ያወጣል፤ 3 ነጥብ 4፣ 4 ነጥብ 8፣ 5 ነጥብ 16። ስድስተኛው 32 ይመስላል፤ የሚወጣው ግን 31 ነው። ልጆች ሁለት ቦታ ላይ ይሳሳታሉ። አንደኛ፣ ስድስቱን ነጥቦች እኩል አራርቀው ያደርጉና ሦስቱ ረጃጅም መስመሮች መሀል ላይ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ትጠፋና 30 ይቆጥራሉ። ነጥቦቹ ትንሽ ይዛነፉ። ሁለተኛ፣ በትንሽ ክብና በወፍራም እስክሪብቶ ይሥላሉ፤ መስመሩ ጥቃቅኖቹን ክፍሎች ይበላቸዋል። የትልቅ ሳህን ጠርዝ ተከትሎ በተቀረጸ እርሳስ ይሣል፤ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ቁጥር ይጻፍ።

31 ካገኘ በኋላ «ከየት መጣ?» ሲል፦ ክቡ ራሱ 1፣ መስመሮቹ 15፣ መስመሮቹ የሚቋረጡባቸው ቦታዎች 15። እያንዳንዱ አዲስ መስመር አንድ ክፍል፣ እያንዳንዱ አዲስ መቋረጫም አንድ ክፍል ይጨምራል። እስከ አምስት ነጥብ ድረስ ልክ የሆነ ነገር ስድስተኛው ላይ ሲከዳው በ11 ዓመቱ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። እንዲያውም ከዚያ በላይ የሚታገሥ አለ፦ አንድን ቁጥር በራሱ አባዝተው፣ ራሱን ደምረው፣ 41 ይጨምሩ፤ ከ0 እስከ 39 ያለው ሁሉ ከ1ና ከራሱ በቀር የማይካፈል ቁጥር ይሰጣል። 40 ላይ 1681 ይወጣል፤ እሱም 41×41 ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ቆሜ ማኪያቶ ካልጠጣሁ ሐሳብ አይመጣልኝም። ቡናው ነው መቆሙ?

መልስ፦ ከጠረጴዛው መነሳትዎ ይመስለናል። ቡናው ዝግጅቱ ያለቀለትን ሰው ያነቃዋል፤ ያልተዘጋጀውንም ያነቃዋል፣ ግን ለምንም። ማታ ከሆነ ይቅርብዎ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ማጣራት ላይ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ 48 ዓመቴ ነው፤ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። የፌርማን ቲዮረም በሁለት ገጽ አረጋግጫለሁ። ሰው ሒሳብ የወጣት ነው እያለ ሊያየው እንኳ ፈቃደኛ አይደለም። ለማን ላሳይ?

መልስ፦ ዕድሜውን ይተዉት። የሒሳብ ሰው የሆነው ዪታንግ ዣንግ ልዩነታቸው ከ70 ሚሊዮን የማይበልጥ የብቸኛ ቁጥሮች (ከ1ና ከራሳቸው በቀር የማይካፈሉ ቁጥሮች) ጥንዶች ማለቂያ እንደሌላቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያረጋግጥ ዕድሜው ከሃምሳ አምስት አልፎ ነበር። ሁለቱ ገጾች ናቸው የሚያሳስቡን።

ቲዮረሙ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ከ2 በሚበልጥ አንድ ዓይነት ፓወር ከፍ ተደርገው ቢደመሩ፣ በዚያው ፓወር ከፍ የተደረገ ሦስተኛ ሙሉ ቁጥር አይሰጡም የሚል ነው (ዜሮን ሳይጨምር)። ለማንም ከማሳየትዎ በፊት አንድ ፈተና ያድርጉ፦ በየመስመሩ ፓወሩን 2 አድርገው ያንብቡት። 3፣ 4 እና 5 አሉ፤ 9+16=25። ማረጋገጫዎ በ2ም ላይ ሳይሰበር ከሄደ ያረጋገጠው ሐሰት ነው። ፓወሩ ከ2 መብለጡን የተጠቀሙበት መስመር የቱ ነው? በጣትዎ ማሳየት መቻል አለብዎ። አብዛኞቹ አጫጭር ማረጋገጫዎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ይህን ካለፈ ሁለተኛውን ወጥመድ ይፈልጉ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ገብርኤል ላሜ እ.ኤ.አ. በ1847 ፓሪስ በሚገኘው የሳይንስ አካዳሚ ፊት ተፈታ ብሎ አውጆ ነበር። የተጠቀመባቸው ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ልክ እንደ ተራ ቁጥሮች በአንድ መንገድ ብቻ ወደ ብቸኛ አካፋዮች ይበተናሉ ብሎ ወስዷል። ሌላው የሒሳብ ሰው ሊዩቪል እዚያው ተነስቶ ይህ መረጋገጡን ጠየቀ። ጀርመናዊው ኩመር ደግሞ ሁልጊዜ እንደማይሠራ ቀድሞ አሳይቶ ነበር፤ ፓወሩ 23 ሲሆን ይፈርሳል። እርስዎም «ግልጽ ነው» ብለው ያለፉትን ቦታ ሁሉ ያስምሩበት፤ ስህተቱ ካለ እዚያ ነው።

ሁለቱን ካለፈ መስመሮቹን በቁጥር ለይተው እንደገና ይገልብጡ፤ ሁለት ሳምንት አስቀምጠው ያንብቡት። ከዚያ አራት ኪሎ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ውስጥ የቁጥሮች ቲዮሪ ለሚያውቅ መምህር አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይዘው ይሂዱ። «ልክ ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ጊዜ ያለው ሰው አያገኙም። «ከመስመር 6 ወደ 7 ይከተላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህን ቆሞም ቢሆን የሚመልስልዎ አይጠፋም።

መስመሩ ከተሰበረም ወረቀቱን አይቅደዱ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው አንድሩ ዋይልስ ይህንኑ የፌርማን ቲዮረም ማረጋገጡን እ.ኤ.አ. ሰኔ 1993 ካምብሪጅ ላይ ካሳወቀ በኋላ ማረጋገጫው ውስጥ ክፍተት ተገኘ። ከአንድ ዓመት በላይ፣ በኋላም ከሪቻርድ ቴይለር ጋር ታግሎ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1994 ሊተወው ሲል ዘዴው ለምን እንደማይሠራ ለመረዳት ተቀመጠ። ያ የማይሠራበት ምክንያት ቀድሞ የተወውን ሌላ መንገድ የሚያሠራው ሆኖ ተገኘ። ሥራው በ1995 ታተመ። የተሰበረውን መስመር በቀይ ይክበቡት፣ ቀኑን ይጻፉበት፣ ለመምህሩም ከማጠቃለያው ጋር አብረው ያሳዩት።