ፈላስፋው አመነ፤ ግን ምን አመነ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ «እግዚአብሔር የለም» ማለት ጀምሯል። ከእናታችን ደብቆ ለእኔ ብቻ ነው የሚነግረኝ። በቅርቡ ደግሞ አንቶኒ ፍሉ የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ ዕድሜውን ሙሉ ሲክድ ኖሮ በእርጅናው አመነ ሲባል ሰማሁ። ይህን ለወንድሜ ማስረጃ አድርጌ ባቀርብለት ተገቢ ነው? ሰውየውስ ድኗል ማለት ይቻላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የሰማሽው ታሪክ እውነት ነው። ለወንድምሽ ከመንገርሽ በፊት ግን ሙሉውን እወቂው። ግማሹን ይዘሽ ብትሄጂ ሌላውን ግማሽ እሱ በስልኩ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላውንም ነገርሽን አይሰማሽም።

አንቶኒ ፍሉ እ.ኤ.አ. በ1923 ለንደን ተወለደ። አባቱ የሜቶዲስት ቤተ እምነት አገልጋይና የነገረ መለኮት መምህር ነበሩ። ልጁ ግን ገና በ15 ዓመቱ የዓለምን ክፋትና መከራ አይቶ፣ ሁሉን ቻይና ፍጹም ቸር የሆነ አምላክ ሊኖር አይችልም ብሎ ደመደመ። የቤቱን ሰላም ላለማደፍረስም አሳቡን ከወላጆቹ ደበቀ። እኔን ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ በሰባኪ ቤት ያደገ ልጅ ትልቁን ጥያቄውን ይዞ ወደ አባቱ አልሄደም። የእናንተም ቤት ልጅ እየደበቀ ነው። ለአንቺ መንገሩ ግን በሩን ጨርሶ እንዳልዘጋው ያሳያልና እባክሽ አትቆጪው።

ፍሉ ኦክስፎርድ ተምሮ በአበርዲን፣ በኪልና በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማረ። ስሙን ያስጠራችው በ1950 የታተመች አጭር ጽሑፉ ናት። በውስጧ ከሌላ ፈላስፋ ወስዶ ያሳደገው ምሳሌ አለ። ሁለት መንገደኞች በጫካ መካከል አበባም አረምም የበቀለበት ገላጣ ቦታ ያገኛሉ። አንዱ «አትክልተኛ አለው» ሲል ሌላው «የለውም» ይላል። ቢጠብቁ የሚመጣ የለም። በኤሌክትሪክ ሽቦ ቢያጥሩ፣ አነፍናፊ ውሻ ቢያሰማሩ የሚያዝ የለም። ያኛው ግን «አይታይም፣ አይዳሰስም፣ ድምፅም ሽታም የለውም፤ ግን አለ» እያለ ይጸናል። በመጨረሻ ጓደኛው «እንዲህ ከሆነ፣ ጭራሽ ከሌለ አትክልተኛ በምን ይለያል?» አለው።

አትክልተኛው የእግዚአብሔር ምሳሌ ነው። ወንድምሽ ይህን ቢያነሣ በቀላሉ አትለፊው። ልጅ የሞተባትን እናት «ለበጎ ነው» ብለን ለቅሶዋን ሳንሰማ የምንነሣ እኛ ነን። ፍሉ የተቃወመው ምንም ቢመጣ የማይነቃነቅ፣ ስለዚህም ምንም የማይናገር ሆኖ የታየውን እንዲህ ያለ ንግግር ነበር።

በ2004፣ በ81 ዓመቱ፣ አሳቡን መለወጡን ይፋ አደረገ። የተፈጥሮ ሕግጋት ሥርዓትና በተለይ በሕያዋን ውስጥ የዘር መረጃን የሚይዘው የዲኤንኤ ረቂቅ አሠራር ያለ አስተዋይ ምንጭ ሊሆኑ አይችሉም አለ። «ማስረጃው ወደ መራኝ እሄዳለሁ» የሚለውን የሶቅራጥስ መመሪያ ዕድሜ ልኩን ይከተል ነበርና እዚህም ተከተለው። «ሞትን ፈርቶ ነው» ያሉት ተሳስተዋል፤ ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ብሎ አላመነምና። በ2007 በስሙ የወጣውን መጽሐፍ በአብዛኛው የጻፈው አብሮት የሠራው ሰው ነው ብለው ብዙዎች ተከራክረዋል፤ ፍሉ አሳቡ የራሴ ነው ብሏል። ይህንንም ለወንድምሽ አትደብቂው።

ያመነው ግን ምን ነበር? የአርስቶትልን አምላክ ነው፤ ዓለምን ያስገኘ፣ ጸሎት የማይሰማ፣ በሰው ሕይወት የማይገባ። ክርስቲያን ነኝ አላለም። በሚያዝያ 2010 ዐረፈ።

ጸሎተ ሃይማኖትን አስቢ። «ነአምን በአሐዱ አምላክ እግዚአብሔር አብ አኃዜ ኵሉ፣ ገባሬ ሰማያት ወምድር» እንላለን። «አብ» (አባት) የሚለው «ገባሬ» (ሠሪ፣ ፈጣሪ) ከሚለው ቀድሞ ነው የተቀመጠው። ፍሉ ገባሬውን አገኘ፤ አባትን ግን አላገኘም። ያገኘው ግን ትንሽ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 1፥20 የማይታየው ባሕርዩ ከተሠሩት ታውቆ ይታያል ያለው ይህንን ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም አብርሃም በሰባተኛው ወር መባቻ ሌሊቱን ተቀምጦ የዓመቱን ዝናብ ለማወቅ ከዋክብትን ሲመረምር፣ ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ እንደሆነ የሚናገር ቃል በልቡ እንደመጣ ይነግረናል። አብርሃም ግን እዚያ አልቆመም፤ በዚያው ሌሊት ጸለየ፣ ተመለሰለትም፣ ከአገሩም ወጣ።

ድኗል ወይስ አልዳነም ለሚለው፣ ፍርዱ የእኔም የአንቺም አይደለም። እኛን የሚመለከተን፣ አንድ አምላክ እንዳለ ማመን ብቻውን እንደማያድን ነው፤ ያዕቆብ 2፥19 አጋንንትም እንዲህ ያምናሉ ይላል።

ስለዚህ ታሪኩን ንገሪው፤ ግን «አየህ፣ የእናንተው ሰው ተሸነፈ» ብለሽ አይሁን። መጀመሪያ እሱ ይናገር። ምን አይቶ፣ ምን ጎድቶት እዚህ እንደደረሰ ጠይቂው፤ በመካከል አታቋርጪው። አንቺም ስሙን በጸሎትሽ አንሺ፣ ለንስሐ አባትሽም አማክሪ።

ስለ አትክልተኛው ከጠየቀሽ ዮሐንስ 20ን አብራችሁ አንብቡ። መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ ደጅ ቆማ እያለቀሰች ጌታን አየችው፤ የአትክልቱ ጠባቂ መሰላት። «ማርያም» ብሎ በስሟ ሲጠራት ግን ዐወቀችው። እኛ የምናመልከው ታይቶ የተዳሰሰውን፣ በሚስማር የተወጋውን፣ በስም የሚጠራውን ነው። ወንድምሽ ተጨማሪ ጥያቄ ካለው ይዞ ይምጣ፤ ቅዳሜ ከጉባኤው በኋላ እጠብቀዋለሁ።