ስለ ሦስቱ መንግሥታት ጦርነት ጠይቁኝ፦ ከለንደን ሳይሆን ከኤድንብራ እንጀምራለን

መላኩ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፓርላማ የጦር አለቃ ስለነበረው ስለ ክሮምዌል፣ ጀግና ነው ወይስ አረመኔ በሚል የተነሳው ክርክር መያዣ መጨበጫ ስላጣ፣ ለብቻው ጥያቄና መልስ እንክፈትለት ተባለ። እሺ ብያለሁ። እኔ ለዓመታት ያነበብኩት ስለ ስኮትላንድ የቃል ኪዳን ሰዎች ነው፤ ንጉሥ እምነታችንን አይጫንብን ብለው ቃል ኪዳን ስለፈረሙት። እዚያ ላይ በደንብ እመልሳለሁ። ስለ መድፍና ስለ ፈረሰኛ አሰላለፍ ግን ብዙ አትጠብቁ።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም ነገሩን ከለንደን አትጀምሩት። ንጉሡ አንድ ነው፣ መንግሥቱ ግን ሦስት ነው፤ እንግሊዝ ከነዌልስ፣ ስኮትላንድ፣ አየርላንድ። ይህን የረሳ ሰው የቱንም ያህል ቢያነብ ነገሩ አይገጥምለትም።

ቤዛ፦ ጋሼ፣ እስቲ ከሥሩ ይጀምሩልን። ትምህርት ቤት የተማርነው ንጉሡ ያለ ፓርላማ ግብር ሰበሰበ፣ ፓርላማው አመፀበት፣ ተዋጉ የሚል ነው። ትክክል ነው?

መላኩ፦ ግብሩ እውነት ነው። ቻርልስ ቀዳማዊ ከ1629 እስከ 1640 ፓርላማ ሳይጠራ ገዛ። የመርከብ ገንዘብ የሚባል ነበር፤ ድሮ በጦርነት ጊዜ የባሕር ዳር አውራጃዎች የሚከፍሉት ነው። እሱ ግን በሰላም ጊዜ እንግሊዝን ሁሉ አስከፈለ። ጆን ሃምደን የሚባል ሰው አልከፍልም ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። ከ12ቱ ዳኞች 7ቱ ለንጉሡ ፈረዱ፣ 5ቱ ለሃምደን። ሰው አጉረመረመ። ግን ማንም ጦር አላነሳም። ንጉሡ ሰላም ቢያገኝ ኖሮ ያለ ፓርላማ ገና ብዙ ይከርም ነበር።

ሰላም የነሣው ስኮትላንድ ነው። ጁላይ 23 ቀን 1637፣ እሑድ፣ ኤድንብራ ውስጥ ሴንት ጃይልስ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን አዲሱ የጸሎት መጽሐፍ መነበብ ጀመረ። መጽሐፉን ንጉሡና የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ሎድ ከስኮትላንድ ጳጳሳት ጋር ያዘጋጁት ነው። የስኮትላንድ ፓርላማ አላየውም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤም አልመከረበትም። በንጉሡ አዋጅ ብቻ ተጫነ። ሲነበብ ሴቶቹ ጮኹ፣ በርጩማ ወረወሩ፣ ረብሻው ወደ ጎዳና ወጣ። ጄኒ ጌዲስ ወረወረችው የሚባለው ስም በኋላ የመጣ ትውፊት ነው፤ ሰዎች እንደ ተረጋገጠ አድርገው ሲጽፉት ያናድደኛል።

በማግሥቱ ዓመት፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1638፣ በዚያው ከተማ በግሬይፍራያርስ ቤተ ክርስቲያን ብሔራዊው ቃል ኪዳን መፈረም ጀመረ። የጻፉት አሌክሳንደር ሄንደርሰን የሚባል ሰባኪና የዋሪስተኑ አርኪባልድ ጆንስተን የሚባል ጠበቃ ናቸው። የሰባኪና የጠበቃ ሥራ መሆኑ ከጽሑፉም ያስታውቃል። በ1581 ከወጣው የእምነት መግለጫ ይጀምራል፣ የፓርላማ ሕጎችን አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ መጨረሻ ላይ ፈራሚው ለእግዚአብሔርና ለወገኑ ቃል ይገባል። ለንጉሡም ታማኝ ነን ይላል። ግን እውነተኛውን ሃይማኖት ከመጠበቅ ጋር አያይዞ ነው። ቅጂው ወደየአጥቢያው ሄደ፣ ተራ ገበሬ ሳይቀር እጁን አንስቶ ማለ።

ኖቬምበር 1638 ግላስጎው ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። የንጉሡ ወኪል ሃሚልተን ጉባኤው ተበትኗል ብሎ ወጣ። እነሱ ቁጭ ብለው ቀጠሉ። የጸሎት መጽሐፉን ሻሩ፣ ጳጳሳቱን አወረዱ። ንጉሡ ጦር አዘጋጀ። 1639 ላይ ብዙም ሳይዋጉ ቤሪክ ላይ ታረቁ። 1640 ላይ ግን እንደገና ተነሱ። ለዚህኛው ጦርነት ገንዘብ ፍለጋ ነው ቻርልስ ከ11 ዓመት በኋላ ፓርላማ የጠራው። በሦስት ሳምንት በተነው። ኦገስት 28 የስኮትላንድ ጦር ሰሜን እንግሊዝ ገብቶ ኒውበርን ላይ አሸነፈውና ኒውካስልን ያዘ። የለንደን ከሰል የሚመጣው ከዚያ ነው። ሪፐን ላይ ሲዋዋሉ፣ ሰላም እስኪፈረም ድረስ ለዚህ ጦር በቀን 850 ፓውንድ ሊከፈል ተስማሙ።

አሁን ይታያችሁ። ይህን ገንዘብ ንጉሡ ከየት ያምጣ? ፓርላማ መጥራት ግድ ሆነበት። ኖቬምበር 1640 የተጠራውን ፓርላማ ደግሞ እንደ ፊተኛው መበተን አልቻለም፤ ቢበትነው ከፋይ የለም፣ ስኮቶቹም እዚያው ናቸው። በዚህ ጉልበት ነው የለንደን ሰዎች የንጉሡን ቀኝ እጅ ስትራፎርድን በሜይ 1641 ያስገደሉት፣ ሎድን ያሳሰሩት። ከለንደን አትጀምሩ የምለው ለዚህ ነው።

ወንዴ፦ ታዲያ ባጭሩ ሃይማኖት ነው ወይስ ፖለቲካ?

መላኩ፦ እነዚያን ሰዎች ይህን ብትጠይቃቸው አይገባቸውም። ጳጳሱን የሚሾመው ንጉሡ ነው። ጳጳሱ ፓርላማ ይቀመጣል። የየአጥቢያው ሰባኪ እሑድ ምን እንደሚል የሚቆጣጠረው ጳጳሱ ነው። ጋዜጣ በሌለበት አገር ሰባኪውን የያዘ ሰውን ያዘ። የቻርልስ አባት ጄምስ በ1604 «ጳጳስ ከሌለ ንጉሥ የለም» ያለው ዝም ብሎ አይደለም።

ናቲ፦ ፒዩሪታን ማለት የኛ ጴንጤ ማለት ነው አይደል?

መላኩ፦ አይደለም።

ናቲ፦ እንዴ፣ ትንሽ ቢያብራሩት?

መላኩ፦ ፒዩሪታኖች በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነው ተሐድሶው ገና አላለቀም የሚሉ የካልቪን ተከታዮች ናቸው። አብዛኞቹ የሚፈልጉት አገሩ ሁሉ ግዴታ የሚገባበት አንድ ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። የዛሬውን ስም ወደ ኋላ እየወሰዳችሁ አትለጥፉ።

ሐና ዘነቀምት፦ ከኛ አገር ጋር የሚያገናኝ ገመድ ግን አለ። በምዕራብ ወለጋ የቤቴል ቤተ ክርስቲያንን የጀመሩት የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናውያን ናቸው። በ1974 ነው ከመካነ ኢየሱስ ጋር የተዋሃደችው። ሽማግሌዎች የሚመሩት አጥቢያ፣ ከላዩ ሲኖዶስ፤ ያ አሠራር ከስኮትላንድ የመጣ ነው።

መላኩ፦ ሐና ትክክል ነሽ። የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ የሚባለውም የተጻፈው በዚሁ ጦርነት መሃል ለንደን ላይ ነው። ሄንደርሰንም እዚያ ተቀምጧል።

የጎንደሩ፦ እኔ የሚገርመኝ ዘመኑ ነው። ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆኖ አገሩን ሊያስገድድ ሲል ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ለፋሲለደስ ለቀቀ። ቻርልስም ከአምስት ዓመት በኋላ ያንኑ ስህተት ሠራ። አንድ ታሪክ ነው።

ወንዴ፦ አንድ አይደለም። ሱስንዮስ ሃይማኖቱን በይፋ ለወጠ። ቻርልስ እኮ እስከ ሞቱ ፕሮቴስታንት ነኝ ነው ያለው።

የጎንደሩ፦ ሚስቱ ካቶሊክ አይደለችም እንዴ? ሕዝቡ ምን ብሎ ያምነዋል?

ወንዴ፦ የሚስትና የአዋጅ ነገር ይለያያል! ደግሞ ሱስንዮስ መጨረሻ ላይ መለሰ። ቻርልስ አንገቱ እስኪቆረጥ አልመለሰም።

መላኩ፦ ወንድሞቼ፣ የሱስንዮስ ነገር የራሱ ሰፊ ጉዳይ ነው፣ ለብቻው ክፈቱት። ስለ ንግሥቲቱ ስለ ሄንሪየታ ማሪያ የጎንደሩ ያለው ግን እውነት ነው። ፈረንሳዊት ካቶሊክ ናት፣ በቤተ መንግሥት ቅዳሴዋን ታስቀድሳለች። ያ ፍርሃት ብዙ ሥራ ሠርቷል። እንመለስ።

አቤል፦ ጋሼ ጦርነቱ ለምን እንደተነሳ ቢነግሩን?

መላኩ፦ አቤል፣ ለቤዛ የመለስኩትን አንብብ።

ሰላም ከደብሊን፦ አየርላንድን ደግሞ አደራ እንዳይዘሉት። እዚህ ሰው ስለ ክሮምዌል ሲያወራ የትናንት ነገር ነው የሚመስልህ።

መላኩ፦ አልዘልም። ኦክቶበር 23 ቀን 1641 በሰሜን አየርላንድ፣ በአልስተር፣ የካቶሊክ መኳንንት ተነሱ። ስኮቶቹ ጦር አንስተው የፈለጉትን ሲያገኙ አይተዋል። ፓርላማው ደግሞ ካቶሊክን የባሰ እንዳይጨቁን ፈርተዋል። አመፁ ከመሪዎቹ እጅ ወጣ። መሬታቸው ላይ የሰፈሩ ፕሮቴስታንቶች በሺዎች ተገደሉ፣ ብዙዎቹም ራቁታቸውን ተባረው በብርድ አለቁ። ለንደን የታተሙት በራሪ ጽሑፎች ግን 200,000 ሞቱ አሉ። በአየርላንድ ያን ያህል ፕሮቴስታንት አልነበረም። የተራፊዎቹ ቃል ዛሬም እዚያው ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተቀምጧል፤ ሰላም ቅርብሽ ነው።

ለጦርነቱ ወሳኙ ግን ይህ ነው። አመፁን የሚያስቆም ጦር ያስፈልጋል። ጦሩን ማን ያዝ? ፓርላማው ንጉሡን አላመነም። በጃንዋሪ 1642 ቻርልስ ወታደር አስከትሎ አምስት የምክር ቤት አባላትን ሊይዝ ገባ፣ አምልጠዋል። ኦገስት 22 ኖቲንግሃም ላይ የጦር ሰንደቁን ተከለ፤ ጦርነት ተጀመረ ማለት ነው። አያችሁ፣ እንግሊዝ ከሦስቱ መጨረሻ ላይ ነው የገባችው።

ዳዊት፦ ስለዚህ ክሮምዌል ጀግና ነው ወይስ አረመኔ?

መላኩ፦ ይኸው መጣ። ባለፈውም ያጣላን ይህ ነው። የት ያለውን ክሮምዌል ነው የምትለኝ? በ1649 አየርላንድ ውስጥ ድሮሄዳና ዌክስፎርድ ላይ ያስፈጀውን? ድሮሄዳ ላይ እጅ የሰጡ ወታደሮች ተገድለዋል፣ ቀሳውስት ተገድለዋል፣ ሲቪል ሰውም አልቋል። እሱ ራሱ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው ብሎ ጽፏል። ወይስ እንግሊዝ ውስጥ ከብሔራዊው ቤተ ክርስቲያን ለተለዩ ጉባኤዎች የአምልኮ ነጻነት የተከራከረውን? ሁለቱም አንድ ሰው ነው። የተወሰነ ነገር ጠይቀኝ።

ዳዊት፦ እሺ፣ ኔዝቢ ላይ እንዴት አሸነፈ?

መላኩ፦ ጁን 14 ቀን 1645፣ በፓርላማው ጦር አዛዥ በፌርፋክስ ሥር ሆኖ፣ የንጉሡን ጦር በቁጥር በልጠው። ስለ ጦር ስልት አትጠብቁ ብያለሁ።

ሜሮን፦ ጋሽ መላኩ፣ ስኮቶች ንጉሣቸውን በ400,000 ፓውንድ ሸጡት ይባላል። እውነት ነው?

መላኩ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከ1643 እንነሳ። ፓርላማው እየተሸነፈ ነበርና ኤድንብራ ሄዶ እርዳታ ለመነ። ስኮቶቹ ገንዘብ ብቻ አልፈለጉም፣ ሁለተኛ ቃል ኪዳን እንፈርም አሉ። የእንግሊዝና የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያንም እንደኛ ይሁን ነው ሐሳባቸው። እንግሊዞቹ ተስማሙ፣ ግን «እንደ እግዚአብሔር ቃል» የሚል ሐረግ አስገቡ። እያንዳንዱ የፈለገውን አነበበበት። በጃንዋሪ 1644 ወደ 20,000 የስኮት ጦር ድንበር ተሻገረ። ጁላይ 2 ማርስተን ሙር ላይ ሰሜኑን ከንጉሡ እጅ አወጡ።

ንጉሡ ሲሸነፍ፣ ሜይ 1646፣ ራሱ ሄዶ ለስኮቶች እጁን ሰጠ። ሊከፋፍላቸው ነው። ቃል ኪዳኑን ፈርም፣ እንዋጋልሃለን አሉት። ሄንደርሰን ኒውካስል ላይ በጽሑፍ ተከራከረው። አልፈርምም አለ። በዚያ ላይ ፓርላማው ለስኮት ጦር ያልከፈለው ውዝፍ ነበር። 400,000 የተባለው የዚያ ውዝፍ ሒሳብ ነው፤ ግማሹ ተከፍሎ በጃንዋሪ 1647 ጦሩ ወጣ፣ ንጉሡም በፓርላማው እጅ ቀረ። ሽያጭ ነው የሚለው የጠላት ወሬ ነው። ግን የሁለቱ ነገር በአንድ ሳምንት መሆኑ ስማቸውን አጠፋው፣ ራሳቸውም አፈሩበት።

ለእኔ ጥፋታቸው ሌላ ነው። በ1638 ያሉት «እምነታችንን ንጉሥ አይጫንብን» ነው። ልክ ነበሩ። በ1643 ያንኑ ጫና ጎረቤት ላይ ሊያደርጉ ተነሱ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አልቀናቸውም።

ቤዛ፦ ንጉሡ የተገደለው በ1648 ነው በ1649? ሁለቱንም አይቻለሁ።

መላኩ፦ ጃንዋሪ 30 ቀን 1649። እንግሊዞች ያኔ አዲስ ዓመት የሚሉት ማርች 25ን ስለሆነ በወረቀታቸው 1648 ይላል። ስኮትላንድ ከ1600 ጀምሮ ጃንዋሪ 1 አድርጋለች። አቆጣጠሩን አስተውሉ።

አቤል፦ ጋሼ ስለ ጦርነቱ በጠቅላላው ቢነግሩን?

መላኩ፦ አቤል፣ ሦስት አገር፣ ከአሥር ዓመት በላይ። ምኑን?

አቤል፦ እሺ፣ ንጉሡ ከሞተ በኋላ ስኮቶች ምን ሆኑ?

መላኩ፦ ይኸው፣ እንዲህ ጠይቅ። ለንደን ሳታማክራቸው ንጉሣቸውን ገደለች። ፌብሩዋሪ 5 ላይ ልጁን አነገሡ፤ የስኮትላንድ ብቻ ሳይሆን የሦስቱም ንጉሥ ብለው። ግን ቃል ኪዳኑን ካልፈረምክ አትገባም አሉት። ወጣቱ ቻርልስ ሳያምንበት በ1650 ፈረመ። ክሮምዌል ወረደባቸው። እነሱ ደግሞ ጦሩ ንጹሕ ይሁን ብለው ልምድ ያላቸውን መኮንኖች እምነታችሁ አልጠራም እያሉ አባረሩ። ሴፕቴምበር 3 ደንባር ላይ በክሮምዌል ተደመሰሱ። በ1651 መባቻ ስኩን ላይ ዘውድ ጫኑለት፣ ወደ እንግሊዝ ወረደ፣ በዚያው በሴፕቴምበር 3 ዉስተር ላይ ጦሩ አለቀ። ስኮትላንድ በእንግሊዝ ወታደር ተያዘች።

ሜሮን፦ ቃል ኪዳኑስ?

መላኩ፦ ያስፈረሙት ልጅ በ1660 ለንደን ላይ ሲነግሥ ካደው። ሁለተኛው ቃል ኪዳን በ1661 ለንደን ውስጥ በሰቃዩ እጅ ተቃጠለ። ጳጳሳቱ ስኮትላንድ ተመለሱ። ጠበቃው ጆንስተን በ1663 ኤድንብራ ላይ ተሰቀለ። ሰዎቹ ግን በተራራና በሜዳ እየተሰበሰቡ መጸለያቸውን አልተዉም፣ ብዙ ተገደሉ። ሌላ ንጉሥ ከመጣ በኋላ፣ በ1690፣ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ያለ ጳጳስ ቆመች፣ ዛሬም ጳጳስ የላትም። እንግሊዝም የራሷን ጳጳሳት ይዛ ቀረች።