አልፖርት ይዞሽ መውለድ ለምታስቢ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። አልፖርት የሚባለው፣ ኩላሊትንና ጆሮን የሚጎዳው በዘር የሚተላለፍ በሽታ እንዳለብሽ በቅርቡ ተነግሮሻል፣ ወንድምሽ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው፣ አንቺ የግፊት መድኃኒቱን ኤናላፕሪልን ትወስጃለሽ፣ ከተጋባችሁ ዓመት ሊሞላችሁ ነው። መውለድ እችላለሁ ወይ፣ ልጄስ ይታመማል ወይ፣ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ላቁመው ወይ፣ ለወንድሜስ ኩላሊት ልስጠው ወይ ብለሻል። እኔም ያው በሽታ አለብኝ፣ ወንድሜንም ይዞታል፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የሚያስቸኩለው የመድኃኒቱ ነገር ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

በራስሽ አታቁሚው። ኤናላፕሪል የሚሰጥሽ ለግፊት ብቻ አይደለም፤ በሽንትሽ የሚወጣውን ፕሮቲን ይቀንሳል፣ የኩላሊትሽን ዕድሜ ያረዝማል። ነፍሰ ጡር ሆነሽ ግን ልትቀጥዪው አይገባም። በተለይ ከ3ኛው ወር በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳል፣ የእንሽርት ውሃውንም ያሳንሳል። ሎሳርታን የሚባለው የግፊት መድኃኒትም እንደዚያው ነው። ስለዚህ መቼ እንደሚቆምና በምን እንደሚተካ ሳታረግዢ በፊት ከኩላሊት ሐኪምሽ ጋር ጨርሱ። እኔ የሚፈሰኝ ፕሮቲን ብዙ ስለነበር፣ የወር አበባዬም የማይዛባ ስለሆነ፣ እርግዝናው እስኪታወቅ እንድቀጥል፣ አንድ ቀን እንኳ ቢዘገይ እንድመረመርና በዚያው ቀን እንዳቆም ነበር የተወሰነልኝ። በእርግዝና ጊዜ የሚወሰደው የግፊት መድኃኒት ሜቲልዶፓ አስቀድሞ ታዞልኝ፣ ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር የሚጠብቀኝ። አንቺ ሌላ ሊባልልሽ ይችላል፤ ገና መሞከር ሳይጀምሩ የሚቀየርላቸውም አሉ። ድንገት ሳታውቂ ብታረግዢ ደግሞ ደንግጠሽ እርግዝናውን ለማቋረጥ እንዳትሮጪ። መድኃኒቱን አቁመሽ በቶሎ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተወሰደው ከኋለኞቹ ወራት ጋር አንድ አይደለም።

እቅዱ እስኪያልቅ መከላከያ ያስፈልግሻል። ግፊትና ፕሮቲን ላለብን ሴቶች ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል አይመከርም፤ ሉፕ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረው ይሻላል።

መውለዱን በተመለከተ፣ አልፖርት ራሱ ማርገዝን አይከለክልም። ወሳኙ ኩላሊትሽ ያለበት ደረጃ ነው። ክሬቲኒንሽ፣ ማለትም የኩላሊት ሥራ የሚለካበት የደም ምርመራ፣ ደህና ከሆነ፣ ግፊትሽም ልክ ከሆነ ተስፋሽ ትልቅ ነው፤ ኩላሊቱ በጣም ከደከመ ግን እርግዝናው ራሱ ሊያደክመው ይችላል። ሳታረግዢ በፊት ክሬቲኒንሽን፣ የሽንት ፕሮቲንሽን በቁጥር፣ ግፊትሽንም አስለክተሽ ወረቀቱን በእጅሽ ያዢ። ለምን እንደምወተውትሽ ልንገርሽ። በሁለተኛው እርግዝናዬ ወሩ ሲገፋ እግሬ አብጦ ነጠላ ጫማ እንኳ አልገባ አለኝ፤ ሽንቴም እንደ ኦሞ ውሃ አረፋ ይደፍቅ ነበር። ተረኛዋ ሐኪም ፕሪኤክላምፕሲያ (ግፊት የሚጨምርበት አደገኛ የእርግዝና ሕመም) ነው ብላ ያን ሌሊት ልታዋልደኝ ተነሳች። የድሮውን ውጤት አውጥቼ ሳሳያት አስተያየችው። ፕሮቲኑ ጨምሯል፣ በእርግዝና መጨመሩ ግን የሚጠበቅ ነው፤ ግፊቴ፣ ጉበቴና ፕላትሌቴ (ደም የሚያረጋው የደም ሕዋስ) ግን ደህና ነበሩ። ተኝቼ በክትትል ቆየሁና ልጄ ጊዜው ሳይደርስ ቢወለድም በደህና ተወለደ። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ከዚያም ቀድሞ ይወለድ ነበር።

አስፕሪን በትንሽ መጠን ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነቱ እርግዝና ይታዘዛል፤ ካልነገሩሽ ጠይቂ። የግፊት መለኪያም ቤትሽ ይኑር። ከወለድሽ በኋላ ኤናላፕሪል እያጠባሽም ሊወሰድ የሚችል ስለሆነ፣ ጡት ላስጥል ብለሽ አትጨነቂ፤ ሕፃኑ ያለጊዜው ከተወለደ ግን ሐኪሙ ይወስን።

ልጅሽ ይታመማል ወይ ላልሽው፣ መጀመሪያ የትኛው ዓይነት አልፖርት እንደሆነ መታወቅ አለበት። በብዛት የሚታየው በኤክስ ክሮሞዞም የሚተላለፈው ነው። የአንቺ እሱ ከሆነ ወንድም ሆነ ሴት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድምሽ ቢወልድ ግን ሴቶች ልጆቹ በሙሉ ይወርሳሉ፣ ወንዶቹ አንዳቸውም አይወርሱም። በዚህ ዓይነቱ ከወንዶቹ 90 በመቶ ያህሉ 40 ዓመት ሳይሞላቸው ኩላሊታቸው ሥራ ያቆማል፤ ከሴቶቹ 12 በመቶ ያህሉ። "ሴት ተሸካሚ ናት እንጂ አትታመምም" የሚሉሽን አትስሚ፤ 12 በመቶ ቀላል አይደለም። የእኔ ወንድ ልጅ ሽንቱ ውስጥ ደም በማይክሮስኮፕ ታይቷል። ሁለት ዓመት ሲሞላው መድኃኒት ተጀመረለት፤ ቶሎ የተጀመረላቸው ልጆች እጥበት ላይ የሚደርሱበት ጊዜ በብዙ ዓመት ይርቃል። ወንድሜ ይህን ዕድል አላገኘም። መስማት አቅቶት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ሲያደርግ ሁላችንም እንቆጣው ነበር እንጂ ከኩላሊት ጋር ያገናኘው አልነበረም። ልጅሽን ስትወልጂ ሽንቱንም ጆሮውንም አስመርምሪለት።

ለባለቤትሽ ሁሉንም ንገሪው፣ ከተቻለም ወደ ሐኪሙ አብራችሁ ግቡ። "ከእናቱ ነው የመጣበት" የሚለው ወሬ ከወሊድ በኋላ ከአማት ቤት ሲመጣ ያማል፤ ቀድሞ ያወቀ ባል ግን ይመክትልሻል።

ይህን የምታነቡ፣ እጥበት ላይ ያላችሁ እህቶችም፣ የወር አበባ ቀረ ማለት አይረገዝም ማለት አይደለም፤ ተጠንቀቁ። ንቅለ ተከላ ያደረጋችሁ ቢያንስ ዓመት ጠብቁ፤ ማይኮፌኖሌት የሚባለውን፣ ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚሰጠውን መድኃኒት የምትወስዱ ከማርገዛችሁ ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት በሐኪም መቀየር አለበት። ተስፋ ለቆረጠች፣ አሜሪካዊቷ ኤዲት ሄልም እ.ኤ.አ. በ1956 ከመንታ እህቷ ኩላሊት ተቀብላ በ1958 ወልዳለች።

ለወንድምሽ መስጠቱን በተመለከተ፣ እኔም ለወንድሜ ልስጥ ብዬ ነበር፤ ሐኪሞቹ አልፈቀዱም። በሽታው ያለባት፣ በዚያ ላይ ገና መውለድ የምትፈልግ ሴት አንድ ኩላሊቷን ሰጥታ በቀረው ብታረግዝ ራሷን ትጎዳለች። አገራችን ኩላሊት የሚሰጠው በአብዛኛው ዘመድ ስለሆነ ጫናው እህት ላይ እንደሚበዛ አውቃለሁ። ሆኖም ሽንታቸው ንጹሕ የሆኑ ወንድሞችሽና የአባትሽ ወገን ቀድመው ይመርመሩ። ቤተሰቡን ሰብስበሽ ይህንን የሚነግራቸው ደግሞ አንቺ ሳትሆኚ የኩላሊት ሐኪሙ ይሁን፤ ከእሱ አፍ ሲሰሙት "እምቢ አለች" የሚልሽ አይኖርም።