ድር ማድራትና ጣውላ መጥመም

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ ነኝ። ለአዲስ ሠራተኞች የሚሰጥ የሥልጠና ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንድመልስ ታዝዤ 'ዋርፒንግ' የሚለው ቃል ላይ ቆምኩ። መዝገበ ቃላት 'መጣመም' ይላል። አናጺ ወንድሜም ጣውላ ሲጎብጥ የሚባል ነው አለኝ። እኛ ግን ክር አናጣምምም። መምህር፣ ምን ልበለው?»

መልስ፦ ማድራት ይበሉት፣ ጠያቂዬ። የዚህ ቃል ነገር የቆየ ቁጭቴ ነውና መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ።

ሸማኔ ሸማውን ከመምታቱ በፊት ክሩን በቁመት ዘርግቶና ወጥሮ የሚያሰናዳው ድሩን ነው። ሥራው ድር ማድራት ይባላል። በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ደግሞ ማግ ነው። የእናንተም መኪና የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ክሮች ከየኮናቸው (ክር ከተጠመጠመበት ሾጣጣ) ተስበው፣ ጎን ለጎን ተሰድረውና እኩል ተወጥረው በአንድ ትልቅ ጥቅል ላይ ያርፋሉ። ሥራው በመኪና ሆነ እንጂ አልተለወጠም። ውጥረቱን የሚሸከመው ድሩ ስለሆነ ዱሮም ለድር የሚሆን ፈትል ጠበቅ ተደርጎ ይፈተል ነበር፤ የማጉ ላላ ይላል። ዛሬ የብዙ ጋቢና ነጠላ ድር የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ ብቻ የእጅ ፈትል የቀረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

«ማድራት የሸረሪት ነው፣ የሸማኔው ማድወር ነው» የሚሉ አሉ። ሸረሪት ድር ያደራችበት ቤት ስንል ግሡን ለሸረሪት ያዋስነው ከሸማኔው ነው እንጂ ከሸረሪቷ የተማርነው አይደለም። ማድወር ፈትልን እያዞሩ መጠምጠም ነው፤ ሥሩ ደ-ወ-ረ ነውና «ዞረ» የሚለውን የዐረብኛ ዳረ ያስታውሰኛል። ማድራት ግን መዘርጋትና መወጠር ያለበት ሥራ ነው። ልዩነቱ ለእናንተ ፋብሪካ ይጠቅማል፦ ክር ከትንሹ መጠቅለያ ወደ ኮኑ ሲጠመጠም ይደወራል፤ ከኮኖቹ ተሰድሮ ለሽመና ሲሰናዳ ይደራል። ሁለቱን ሳይለዩ የሚጠሩ ሸማኔዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ቋንቋው ሁለት ቃል ሰጥቶን ሳለ አንዱን መጣል አይዋጥልኝም።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይያዙ። በጽሑፍ አደራ የሚለው ግሥ «አደራህን» ከምንለው ስም ጋር አንድ ይመስላል፤ «ገበያው ደራ» የሚለውም አጠገቡ ነው። ስለዚህ በጽሑፍዎ ብቻውን አይተዉት፤ «ድር ማድራት» እያሉ ይጻፉ።

ወደ ወንድምዎ ጣውላ ልምጣ። እንግሊዝኛው ክሩንና ጣውላውን በአንድ ቃል የጠራው ከአንድ የጥንት ግሥ ስለተነሣ ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ዌዮርፓን ማለት መወርወር ነበር፤ የጀርመንኛው ቬርፈን ዛሬም መወርወር ነው። ድሩ በሽመና ዕቃው ላይ የተጣለ ክር ነው፤ የጎበጠውም እንጨት ከቅርጹ ውጭ የተወረወረ ነው። መርከብን በገመድ እየሳቡ ማንቀሳቀስም በዚሁ ቃል ይጠራል። የሚደንቀኝ የእኛም ሸማኔ ከዚሁ ሐሳብ መድረሱ ነው፤ ግን በሌላ በኩል። እኛ ከመወርወር ስም ያወጣነው ለማጉ መሣሪያ ነው፤ መወርወሪያ እንለዋለን። ሁለት ሕዝብ አንድ ሥራ እያየ አንዱ ድሩን፣ አንዱ የማጉን መሣሪያ ከውርወራ ሰየመ።

እዚህ ላይ «ለአንድ የውጭ ቃል አንድ አማርኛ ይመደብለት፣ በየሙያውም በእርሱ ይሠራ» ከሚሉት የትርጉም ሰዎች ጋር እለያለሁ። የእንግሊዝኛውን የዘር ሐረግ እኛ የመውረስ ግዴታ የለብንም። የራሳችን የዘር ሐረግ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ፈተለ ግእዝ ነው፤ የዐረብኛው ፈተለም መግመድ ነው። በዕብራይስጡ ግን ይኸው ሥር ጠማማነትንም ይይዛል። ዳዊት «ወምስለ ጠዋይ ትጠዊ» በሚልበት ቦታ፣ ጠማማ ከሆነ ጋር ጠማማ ትሆናለህ ለማለት ዕብራይስጡ የሚጠቀመው በዚሁ ፈ-ተ-ለ ሥር ነው። ግእዙ ፈትሉን ለክር ትቶ ለጠማማው ጠወየን መረጠ፤ አማርኛም ጠመመ ብሎ ለየ። ክርን ከጥመት ጋር ማቀላቀል ይቻል ነበር፤ አባቶቻችን አላቀላቀሉም፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

አናጺዎች ደግሞ ከመዝገበ ቃላቱ በላይ ይለያሉ። ጣውላ በቁመቱ እንደ ቀስት ሲታጠፍ ጎበጠ፣ ጫፍና ጫፉ በተለያየ አቅጣጫ ሲዞር ተወላገደ ይላሉ። ጠመመ ሁሉንም ያቅፋል። ምክንያቱም ዕርጥበት ነው፤ እንጨት ሲደርቅ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ቅርፊት ካለው አቅጣጫ እጥፍ ያህል ስለሆነ ሳይደርቅ የተሠራ የባሕር ዛፍ በር ብዙም ሳይቆይ አልገጥም ይላል። የሐዋሳ መካኒክም ሞተር ግሎ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ሲበላሽ «ጠሟል» ነው የሚለው፤ ትክክል ነው። በእኔ ጆሮ ጠመመ ነገሩ ከራሱ ሲነሣ፣ ተጣመመ ሌላ ነገር ሲያደርሰው የሚባል ነው፤ ስለዚህ ለጣውላው ጠመመን እመርጣለሁ። ብዙ ሰው ግን ዛሬ ሁለቱን ሳይለይ ይናገራል፤ ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም። ፍርድ ሲሆን ይጣመማል፣ ታሪክ ሲሆን ይዛባል፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የቀረው የፋብሪካው አነጋገር ነው። ሠራተኞች «ዋርፕ እናድርግ» እንደሚሉ፣ መኪናውንም ዋርፐር እንደሚሉት እሰማለሁ። መኪናው ከነስሙ ስለመጣ ዋርፐር ይባል፤ ከዚህ በኋላ የሚመልሰው ያለ አይመስለኝም፤ ባልወደውም እቀበላለሁ። ሥራውን ግን «ድር ማድራት» ብለው ይጻፉ፤ መጀመሪያ ሲጠቅሱት ብቻ ዋርፒንግ የሚለውን አጠገቡ ያድርጉለት። ከሠልጣኞቻችሁ ውስጥ ከጋሞ ሸማኔ ቤተሰብ የመጡ ካሉም ደግሞ እነርሱ በቋንቋቸው ሥራውን ምን እንደሚሉት ጠይቀው ይላኩልኝ።