ጥቅምት ገባ፤ አሁን ምን ልትከል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አምና ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ከጓሮዬ ታችኛው ጫፍ፣ በወንዙ በኩል ድንች ተክዬ ነበር። ኅዳር ላይ በአንድ ሌሊት ውርጭ መታው፤ ጠዋት ስወጣ ቅጠሉ ጠቁሮ አገኘሁት። የጉድጓድ ውኃ አለኝ። ዘንድሮስ ጊዜው አልፎብኛል ወይስ የሚተከል ነገር አለ?

መልስ፦ አላለፈብዎትም፣ እህቴ። ድንቹን ግን ለዚህ ወቅት ይተዉት። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ ውርጭ አይችሉም። እንደናንተ ባለ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ አይምሩም።

ብርድ የሚችሉት ሌሎች ናቸው። ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት። እኔ ብሆን በቆስጣና በካሮት እጀምራለሁ። ቆስጣው ቶሎ ይደርሳል፣ በሁለት ወር ገደማ መቀንጠስ ይጀምራሉ። ካሮቱ ሦስት ወር፣ በብርድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ካሮት ማዛወር አይወድም፤ ዘሩን እዚያው መደቡ ላይ ይዝሩት። ጥቅል ጎመን ከፈለጉ ግን ዘር አይጠብቁ፣ የደረሰ ችግኝ ይግዙ። ውርጩ ሳይመጣ ሥር መያዝ አለበት።

አሁን ስለ ቦታው። አምና የጎዳዎት የድንቹ ጠባይ ብቻ አይመስለኝም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊት ወደ ዝቅታው ወርዶ እዚያው ይተኛል። የወንዙ ዳር ውርጭ የሚበዛበትም ለዚህ ነው። መደብዎን ወደ ቤቱ ያስጠጉት፣ የድንጋይ አጥር ካለዎትም ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ያድርጉት። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል።

እርጥብ አፈርም እንዲሁ ነው፤ ከደረቅ አፈር ይበልጥ ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ ውኃውን ረፋድ ላይ ያጠጡ፣ ማታ አይሁን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ጸጥ ያለ ምሽት ካዩ ውርጭ ይጠብቁ። ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ መደቡ ላይ አጠር ያሉ እንጨቶች ተክለው ጆንያ ይዘርጉበት። ጆንያው ቅጠሉን ባይነካ ይመረጣል። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ማንሳት እንዳይረሱ።

ዩሪያ በብዛት መስጠት አልመክርም። ቅጠሉ ይለመልማል፣ ግን ለስላሳ ስለሚሆን ብርዱ በቀላሉ ይጎዳዋል። የበሰበሰ ፍግ ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ። ማለዳ ቅጠሉ ደርቆ፣ በረዶ ለብሶ ቢያዩት ሞተ ብለው አይንቀሉት። በእጅዎም አይንኩት፣ ይሰበራል። እስከ 4 ሰዓት ይታገሱ፤ በረዶው ሲቀልጥ ቆስጣውም ጎመኑም ቀና ይላል። ከዚያ የውጭ የውጩን ቅጠል ይቀንጥሱ፣ መሐሉን ይተዉለት። ካሮቱን ደግሞ አይቸኩሉበት። ብርድ ሲሰማው ስኳር ያጠራቅማል፤ በብርድ ያደገ ካሮት የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።