መልስ፦ ከሩዝ ሌላ ከወጥ ጎን ምን ላቅርብ?

እህቴ፣ «ኮምቦልቻ ነኝ፤ ልጆቼ ሩዝ ሰለቻቸው፤ ከጥብስ ጎን የሚሆን ጤናማ ነገር ንገሩኝ» ብለሻል። እኔ ደሴ የምሠራውን ልንገርሽ፦ የስንዴ ንፍሮ ከኮክና ከኦቾሎኒ ጋር።

ያልተፈተገ ስንዴ ግዢ። አብዛኛው ፋይበር ያለው ልጣጩ ላይ ነው። 2 ኩባያ ስንዴ ማታ ዘፍዝፈሽ እደሪ። ጠዋት ውሃውን ቀይረሽ ቀቅይው፤ ጨው መጨረሻ ላይ። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው እኛ ጋ ንፍሮ የሚዘገየው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል አንቺ ጋ ትንሽ ይፈጥናል። ግን ሰዓት አትቁጠሪ፣ ቅመሺው። ፍሬው ለስልሶ ግን ሳይፈርስ ሲቀር አጥልይው።

ኦቾሎኒውን ራስሽ ቁይው። እባክሽ፣ የሻገተ ወይም የተጨማደደ ፍሬ ካየሽ ጣይው። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መቁላት ደግሞ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ይሄን ብዙ ሰው ችላ ይላል።

ንፍሮው ለብ ሲል ኮኩን ከትፈሽ፣ ኦቾሎኒውን ወቀጥ አድርገሽ ቀላቅይ። ሎሚ፣ ትንሽ ዘይት፣ ቃሪያ። በቃ። ለጾምም ይሆናል።

ኮክ የክረምት ነው። ሲጠፋ ብርቱካን ወይም ጠንከር ያለ ማንጎ ተጠቀሚ። በጣም የበሰለ ማንጎ ግን ንፍሮውን ያላቁጠዋል። እንግዳ ካለሽ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው እንዳለ አስቀድመሽ ጠይቂ።